ካልሲው አይወልቅም

(ሐዋሳ፣ እግር የሚታሽበት አንድ ትንሽ ክፍል፤ ጡረተኛው አቶ አየነው፣ ልጃቸው ካላገባኋት ያላትን ትርሲትን በድብቅ ሊያዩ ደንበኛ መስለው መጥተዋል።)

አቶ አየነው፦ ጫማዬን አወለቅሁልሽ። ካልሲው ግን አይወልቅም አልኩሽ!

ትርሲት፦ ጋሼ፣ ታዲያ ዘይቱን ካልሲው ላይ ልቀባው?

አቶ አየነው፦ ከላይ ከላይ ነካ ነካ አድርጊው፤ ይበቃኛል።

ትርሲት፦ ተቀዶ ከሆነ አይፈሩ። እዚህ ወንበር ላይ ደህና ካልሲ አድርጎ የተቀመጠ ወንድ አላጋጠመኝም።

አቶ አየነው፦ አሃ! ወንድ ይበዛል በይኛ!

ትርሲት፦ እግር ያለው ሁሉ ይመጣል። ይኸው፣ ወለቀ! ለብ ያለው ውሃ ውስጥ ይንከሩት። ስኳር፣ ግፊት፣ የእግር ቁስል አለብዎት?

አቶ አየነው፦ የለብኝም። ያለብኝ አንድ ልጅ ብቻ ነው።

ትርሲት፦ ልጅ በሽታ ነው እንዴ?

አቶ አየነው፦ ፍቅር ሲይዘው አዎ፣ የሚያመው አባትየውን ነው።

ትርሲት፦ እንግዲህ አዲስ ስለሆኑ ልንገርዎት። ይህ ሪፍሌክሶሎጂ ይባላል። በእኛ ሙያ ውስጥ እግር የሰውነት ካርታ ነው ይባላል፤ አውራ ጣት ለራስ፣ መሀሉ ለሆድ። እኔ በጣቴ ጫን እያልኩ እሄዳለሁ፣ እርስዎ ይፍታታሉ።

አቶ አየነው፦ ጨጓራዬ እግሬ ሥር ምን ሊሠራ ወረደ?

ትርሲት፦ የትም አልወረደም። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ በሽታ አላድንም፤ የሚያምዎት ነገር ካለ ሐኪም ቤት ነው። እዚህ የሚመጣው ማረፍ የፈለገ ነው። ከበረታብዎት «በቃ» ይበሉኝ።

አቶ አየነው፦ እኔ ነኝ በቃ የምል? ዕድሜዬን ሙሉ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ሲያጓራብኝ የኖርኩ ሰውዬ፣ በአንቺ ቀጭን ጣት... ወይኔ! ወይኔ እናቴ!

ትርሲት፦ ይህ የትከሻ ነው። ምን ተሸክመው ነው እንዲህ የተቋጠረው?

አቶ አየነው፦ ሐሳብ ነዋ! ልጄ የሚያገባት ሴት ሥራዋ... እንደ አንቺ... ማለቴ ወደ አንቺ ሥራ የሚጠጋ ነው።

ትርሲት፦ ምን፣ ጫማ ትሠራለች?

አቶ አየነው፦ እዚያው አካባቢ። ዘመድ ሲጠይቀኝ ምን ልበል? የልጄ ሚስት የባዕድ ወንድ እግር ይዛ ትውላለች ልበል? ወይ! ይህ ደግሞ የምኑ ነው?

ትርሲት፦ የጉበት። ይቅርታ፣ እጄ ትንሽ ከበደ። ነርስ ብትሆን ግን ምን ይዛ ትውላለች ይሉ ነበር?

አቶ አየነው፦ ነርስማ ሌላ... እሱስ... ቆይ፣ እዚያች ጋ ድገሚኝ።

ትርሲት፦ ተስማማዎት?

አቶ አየነው፦ ተስማማኝ የሚል ቃል አልወጣኝም። ድገሚኝ ነው ያልኩት።

ትርሲት፦ እሺ። ቤት ውስጥ የሚያሽልዎት ሰው አለ?

አቶ አየነው፦ ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ እግሬን የነካው ሰው የለም። ጎንበስ ብዬ ጥፍሬን መቁረጥ እንኳ አቅቶኛል።

ትርሲት፦ አይቼዋለሁ፤ አሁን እቆርጥልዎታለሁ። ለልጅዎ ግን ለምን አልነገሩትም?

አቶ አየነው፦ ለጎረምሳ ጥፍሬን ቁረጥልኝ ይባላል?

ትርሲት፦ ምን ችግር አለው! ናሆም ደስ እያለው ነበር የሚቆርጥልዎት።

አቶ አየነው፦ እሱስ ልቡ ደግ... ቆይ ቆይ! ናሆም መባሉን ማን ነገረሽ?

ትርሲት፦ እግርዎ። ሁለተኛው ጣቱ አውራ ጣቱ ላይ ፊጥ ያለ ሌላ ሰው የማውቀው አንድ ብቻ ነው። ኳስ ሲጫወት ወለም ብሎት መጣና፣ እዚሁ ተቀምጦ ልክ እንደ እርስዎ «ወይኔ እናቴ» አለ።

አቶ አየነው፦ ካልሲዬ ከወለቀ ጀምሮ አውቀሽኝ ነው ይህን ሁሉ ያስለፈለፍሽኝ?

ትርሲት፦ እኔ ትከሻዎን ነው የነካሁት። የምላስን ቦታ ገና አልደረስኩበትም።

አቶ አየነው፦ ጉበቴንስ? ሆን ብለሽ ነው?

ትርሲት፦ እሱን አዎ።

አቶ አየነው፦ ...ደግ አደረግሽ። ስሚኝ፣ ናሆም ሽማግሌ ላክልኝ እያለ ሲወተውተኝ ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬው ነበር። በቃ፣ ለአባትሽ ንገሪያቸው። እሑድ ሽማግሌዎቹን ይዤ እኔው ራሴ እመጣለሁ።

ትርሲት፦ እንግዲያው ያኛውንም እግር ያምጡት፤ አባቴ ሽማግሌ በር ላይ አቁሞ ማዋል ይወዳል።