ጉልበት ይህን ሁሉ ያስወራል?

ከጅማ ወደ ሰቃ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጡት ሽማግሌና ሚስታቸው ከሐኪም ቤት እየተመለሱ ነበር።

«ያ ልጅ እግር ዶክተር እንደዚያ የሚያስወራሽ ምን አግኝቶ ነው?»

«ጉልበቴን ነዋ የጠየቀኝ።»

«ጉልበት ይህን ሁሉ ያስወራል?»

«መቼ ይብስብሻል አለኝ። ለሱብሂ ሶላት ጎህ ሲቀድ ስነሳ አልኩት። ሌላስ ሲለኝ፣ መሬት ተቀምጬ ቡና ስለቅም አልኩት።»

«ሱጁድ ወርደሽ መነሳት ሲያቅትሽ እንደምታለቅሺም ነገርሽው። እኔ እዚያው አጠገብሽ ቁጭ ብዬ!»

«አለቅሳለሁ እኮ።»

«ወላሂ አንድ ቀን ነግረሽኝ አታውቂም። እሱ ገና ዛሬ ነው ያየሽ።»

«አሁን በዶክተር ትቀናለህ?»

«ምን ያስቀናኛል! መድኃኒት እንደሆነ እኔም አመጣልሻለሁ።»

«የምታመጣልኝ ለራስህ ወገብ የታዘዘልህን ነው፣ የፈቲያ አባት። ጨጓራዬን ላጠው። እሱ ጠይቆ ጠይቆ ያንን አስተወኝና ለእኔ የሚሆነውን ሰጠኝ። ቡናውንም ወንበር ላይ ሆነሽ ልቀሚ አለኝ።»

«ይህማ ለእኔም አይጠፋኝም ነበር።»

«እና ምነው ሳትለኝ?»

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ጥቂት እንደሄድን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ለእኔ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» አሉ።

«መች ጠየቅከኝ?»

እኔ ሚስቴን የሚያማት የቀኝ ጉልበቷ ይሁን የግራው ለማስታወስ ስሞክር ሰቃ ደረስን።