ብርሃኑ ለእንግዳ፣ ጭሱ ለማድ ቤት

በጃንሆይ ዘመን፣ ወደ ቡታጅራ በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ አንድ ነጋዴና ሚስቱ ከፊቴ ተቀምጠው ነበር። የገዙት የመብራት ሞተር አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ታስሯል።

«ለመስቀል ዘመድ ሁሉ ሲሰበሰብ ቤቱ በሙሉ ቦግ ይላል!» አለ ባል።

«ማድ ቤቱም?»

«ሞተሩ የሚችለው ሳሎኑን፣ መኝታ ቤቱንና ሱቁን ነው።»

«ታዲያ ክትፎውን በጨለማ ልክተፍ?»

«ኩራዝ አለሽ አይደል?»

«ሞተሩስ የት ይቆማል?»

«ጭሱ ክፉ ስለሆነ ከሳሎን ይራቅ ብሎኛል ሻጩ። ማድ ቤቱ ግድግዳ ሥር አቆመዋለሁ።»

«ስማ አንተ ሰው! ጩኸቱና ጭሱ ለእኔ፣ ብርሃኑ ለእንግዳ?»

ተሳፋሪው በሙሉ ሳቀ።

«እውነቷን እኮ ነው፣ ልጄ!» አሉ አንድ ሽማግሌ።

ባል ራሱን አከከ። «እሺ፣ የሱቁን አምፖል ማድ ቤት እሰቅለዋለሁ። ሞተሩንም አጥሩ ጥግ እወስደዋለሁ።»

«መቼ?»

«ለመስቀል።»

«ዛሬ!»

«እሺ ዛሬ! ናፍጣውን ግን አንቺ ትሞያለሽ።»

«እሞላለሁ! ማስነሣቱንም ታሳየኛለህ!»

ከቡታጅራ በፊት ቡኢ ላይ ወራጅ የነበርኩት እኔ፣ ጨዋታቸውን እስከ መጨረሻው ልስማ ብዬ ከተማዋን በመስኮት እያየሁ አለፍኳት።