መቀሱ ከማየት ሲቀድም

ወደ ፎቶ ቤቱ የገባሁት የጡረታ መታወቂያዬን ለማሳደስ ሁለት ጉርድ ፎቶ አስፈልጎኝ ነበር። ሥራው የአምስት ደቂቃ ነው። እኔ ግን በተፈጥሮዬ ሥጋታም ሰው ነኝ፤ ሠላሳ ዓመት ሳይንስ ሳስተምር የላቦራቶሪውን በር ቆልፌ ከመንገድ እየተመለስኩ የማረጋግጥ ነበርኩ። ስለዚህ ደጃፉ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር አንዲት ወጣት ቡናማ ፖስታ ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ተቀምጣ ሳይ፣ ምንም ሳትነግረኝ አልፌያት መግባት አቃተኝ።

«ደህና ነሽ ልጄ?» አልኳት።

«ደህና ነኝ አባባ። ስንት ሰዓት ሆነ?»

«አራት ተኩል።»

ፖስታውን ይበልጥ አጠበቀችው። ከውስጥ የክርክር ድምፅ ይሰማል፤ ገባሁ።

የፎቶ ቤቱ ባለቤት፣ ደንበኛው ሁሉ «ባለመቀሱ» የሚላቸው ሽማግሌ፣ ከባንኮኒው ኋላ ቆመዋል። ስሙ ያለ ምክንያት አልወጣላቸውም። ፎቶ ማንሣት የሚማር ሰው ሥራውን ሊያሳያቸው ሲመጣ በዐይናቸው ገረፍ ያደርጉና፣ ያልወደዱትን ጎን በመቀስ ቀጭ አድርገው ይመልሱለታል። አስተያየታቸው ይኸው ነው። ፊት ለፊታቸው የቆመችው የእህታቸው ልጅ ስትሆን በአንድ ትምህርት ቤት ሥዕል ታስተምራለች።

«ይምጡ መምህር፣ ይዳኙን!» አሉኝ። «ይቺ ልጅ በስተርጅና ሥራዬን ልታስተምረኝ መጥታለች።»

«ልለምንዎት ነው የመጣሁት ጋሼ» አለች። ወደ እኔም ዞራ፣ «ደጅ የተቀመጠችውን አይተዋታል? ልብስ ሰፊ ናት። በምሳ ሰዓቷ ፎቶ ታነሣለች። የፎቶ ማሠልጠኛ ለመግባት ዐሥር ፎቶ ተጠይቃለች፤ ማስገቢያው ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ያበቃል። ባለፈው ሳምንት ለጋሼ ብታሳያቸው አንዱን ቆረጡና ‹አይረባም፣ ወደ ስፌትሽ ተመለሺ› አሏት። ቅስሟን ሰበሩት። አሁን እሳቸው ደግመው ካላዩልኝ አላስገባም ብላ ነው የተቀመጠችው» አለችኝ።

በመስኮቱ አየኋት። የምወዳደረው እኔ የሆንኩ ይመስል ሰዓቴን ደግሜ አየሁ።

«ታዲያ ቆንጆ ነው ብዬ ልሸንግላት?» አሉ ባለመቀሱ። «እኔ አልዋሽም መምህር። የእኔ አስተማሪ የመጀመሪያ ሥራዬን ፊቴ ላይ ነው የቀደደው። ሰው ያደረገኝም እሱ ነው።»

«ሽንገላውንማ እኔም ሞክሬዋለሁ» አለች የእህታቸው ልጅ። «ተማሪዎቼ ያመጡትን ሁሉ ‹ግሩም ነው፣ ጎበዝ› ስል ኖርኩ። አንድ ቀን አንዷ ሥዕሏን ገልብጣ ሰጠችኝ፤ ነጩን ጀርባውን! እኔም ቀና ሳልል ‹ግሩም ነው› አልኳት። እንዴት እንዳፈርኩ አይጠይቁኝ። እርስዎ ሳያዩ ይቆርጣሉ፣ እኔ ሳላይ አወድስ ነበር። ምን ለየን?»

ሳቄ መጣና ዋጥኩት፤ ባለመቀሱ አልሳቁም ነበርና።

«አርባ ዓመት ያየሁት አይበቃም?»

«ጉርድ ሲሆን ይበቃል። የሰው ሥራ ሲሆን ግን ትንሽ ይቆዩበት። ዐይንዎ መጀመሪያ የቱ ጋ እንዳረፈ ይንገሯት። ምን ልታሳይ እንደፈለገች ይጠይቋት። ከዚያ ጉድለቱን፣ ያውም ነገ ልታርመው የምትችለውን ጉድለት፣ ሳይሸፋፍኑ ይንገሯት።»

«ጊዜ ማባከን ነው!»

እዚህ ላይ ጣልቃ ገባሁ። እንዲህ ያለ ድፍረት የለኝም፤ ጭንቀቱ ነው የገፋኝ። «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አስተማሪዎ ከቀደደብዎ ወዲህ ለራስዎ ፎቶ አንሥተው ያውቃሉ?»

«በቀን ሠላሳ ጉርድ አነሣለሁ እኮ!»

«ለራስዎ ነው ያልኩት።»

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ አጠለቁ፣ እንደገና አወለቁ። በቃ አስቀየምኳቸው፣ ጉርዴም ቀረ ብዬ ደነገጥኩ። በመጨረሻ ለእህታቸው ልጅ «ጥሪያት» አሏት።

ልብስ ሰፊዋ ስትገባ ለአምስት ሰዓት ጥቂት ደቂቃ ቀርቶታል። የተቆረጠውን ፎቶ ባንኮኒው ላይ አኖረች። በፎቶው ላይ አንድ አዛውንት ከአልጋ ተነሥተው ቆመዋል፤ ጉልበታቸው እጥፍ ብሏል፣ ፊታቸው ግን ይስቃል። የቀኙ ጎን በመቀስ ሄዷል።

የባለመቀሱ እጅ በልማድ ወደ መቀሱ ተዘረጋ። እጃቸው መንገድ ላይ ቆመ። ጎንበስ ብለው ያዩ ጀመር፤ ቆዩ፤ የግድግዳው ሰዓት ቋ ቋ ይላል። ልጅቷ ከንፈሯን ነክሳለች።

«ዐይኔ መጀመሪያ ጉልበታቸው ላይ አረፈ» አሉ ቀስ ብለው። «ሊወድቁ ነው ብዬ ሠጋሁ። ምን ልታሳዪ ፈልገሽ ነው ልጄ?»

«አባቴ ናቸው ጋሼ። ስምንት ወር ተኝተው ያን ዕለት ቆሙ።» ፎቶውን ወደ እሳቸው ገፋ አደረገችው። «እኔ ግን ያነሣሁት የእናቴን እጅ ነበር። ቢወድቁ ልትይዛቸው ከጎናቸው ዘርግታዋለች፤ እንዳያፍሩ ብላ ግን አልነካቻቸውም።»

«የትኛው እጅ?»

ልጅቷ አቀረቀረች። የተቆረጠው እሱ ነበር።

ሽማግሌው ተንበረከኩና ከባንኮኒው ሥር የቁርጥራጭ ካርቶኑን ሳቡ። የስንት ሰው ሥራ ጠርዝ ነው እዚያ የተጣለው! ግማሽ ዛፍ፣ የበር እጀታ፣ የሕፃን እግር። እኔም ሰዓቴን እያየሁ አብሬያቸው ፈለግሁ። አገኙት፤ የአንድ ጣት ስፋት ያለው ቁራጭ። ከፎቶው ጋር ገጥመው ሲያስቀምጡት በእናቲቱ እጅና በአዛውንቱ ክርን መካከል የክር ያህል ክፍተት ታየ። አዛውንቱ ለምን ይስቁ እንደነበር አሁን ገባኝ፤ የቆሙት ማንም ሳይይዛቸው ነው።

«ይኼን ነው አይረባም ያልኩሽ?» አሉ። ዐይናቸው ዕንባ ሞልቷል። «አላየሁትም ልጄ። ይቅር በዪኝ።»

«ኧረ ጋሼ!»

«ጉድለትም አለው፣ አልደብቅሽም። መስኮቱ በጣም ነጥቶ ዐይን ይሰርቃል። ሁለት እርምጃ ወደ ግራ ብትሄጂ ከአባትሽ ኋላ ይደበቅልሽ ነበር። ለሌላ ጊዜ ያዢው። እጁን ግን ማንም እንዳያስቆርጥሽ፣ እኔም ብሆን።»

«ሁለት እርምጃ ወደ ግራ» አለች ለራሷ፣ ቀና ብላ። ቅስሙ የተሰበረ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ለማስታወስ አይሞክርም።

ፎቶውን ፖስታዋ ውስጥ ከያዘችው ፍላሽ ላይ ሙሉውን አተሙላት። እኔም አላስችል ብሎኝ እስከ ማሠልጠኛው ሸኘኋት፤ ለስድስት ሩብ ጉዳይ ሲሆን አስገባች። ይቀበሏት አይቀበሏት ገና አልታወቀም። አይቶ የመናገር ጥቅም ግን ከወዲሁ ይታያል። ሳያይ የሚቆርጥም ሆነ ሳያይ የሚያወድስ ሰው ለማንም አይጠቅምም፤ አይቶ፣ ጠይቆ፣ የሚታረመውን የሚነግር ሰው ግን ሠሪውን ወደ ሥራው ይመልሰዋል። የሚያየውም ሰው ምን ሲያመልጠው እንደነበር ይረዳል።

ጉርዴን ሳልነሣ መውጣቴ ትዝ ያለኝ ቤቴ ደርሼ ነው። ከሰዓት በኋላ ስመለስ በጠራራ ፀሐይ ፎቶ ቤቱ ተዘግቷል። አመማቸው ይሆን ብዬ ልቤ ተሰቀለ። ጠጋ ብል በሩ ላይ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል፦ «ፎቶ ላነሣ ወጥቻለሁ።»

የመታወቂያዬ ማሳደሻ ቀን ነገ ያልፋል። አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ጠበቅኋቸው፤ ለአንድ ጊዜ እንኳ ሰዓቴን አላየሁም።