«አዎ» ብቻ በይ

— ሄሎ?… ማን ልበል?… ኧረ ሚጣዬ! አንቺ ነሽ እንዴ? ቁጥሩ ሲረዝምብኝ አላወቅኩትም እኮ… ምን? አልሮጥኩም። ከወንበሩ እስከ መስታወቱ ምን ያስሮጠኛል?… እያለከለክሁ አይደለም አልኩሽ! እሱን ተይና የት ደረስሽ?

— ትራንዚት ላይ… ቀጣዩ መቼ ነው?… ታዲያ ገና ጊዜ አለን።

— መምህር፣ ይቅርታ፣ አንድ አፍታ። ልጄ ናት… ኧረ አይነሱ! ግማሽ ፊትዎ አረፋ ሆኖ የት ሊሄዱ ነው?

— አይ፣ አንቺን አይደለም። መምህሩ ናቸው፣ ፂማቸውን እየላጨሁ ነው… አዎ፣ የሒሳቡ! ቆይ፣ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጌ መስታወቱ ሥር ላቁመው፣ እጄ ይፈታ… ይኸው። እሳቸውም ይሰሙሻል። አይመልሱልሽም እንጂ። ካወቅኋቸው ጀምሮ ዝም ሲሉ ያየሁት ዛሬ ነው፣ ዕድሜ ለአረፋው።

— እሺ፣ ወረቀቶችሽ የት ናቸው?… ሻንጣ ውስጥ? የትኛው ሻንጣ?… ሚጣ! ከታች የሚጫነው ውስጥ ከተትኩት እንዳትይኝ ብቻ!… እህ… በእጅ የምትይዢው? ተመስገን። አስደነገጥሽኝ እኮ፣ የመምህሩን ጆሮ ልቆርጠው ነበር… ሳቂ፣ ሳቂ።

— ፓስፖርቱ?… ከትምህርት ቤቱ የመጣው ደብዳቤ?… የምታርፊበት አድራሻ?… ስልክሽ ላይ! ስልኩ ባትሪ ቢጨርስስ? ወረቀት ላይ ገልብጪው… እስክሪብቶ ከጎንሽ ካለው ሰው ተዋሺያ… ተኝቷል? እንግዲያው ሲነቃ። ቀስቅሺው አልወጣኝም።

— የምን ፌስታል?… አሃ፣ ጎረቤታችን «ለልጄ አድርሽልኝ» ብላ የሰጠችሽ። ምን አለበት?… አላየሽውም?… እንዴት ነውር ነው? ነውሩስ ድንበር ላይ «ምን እንደሆነ አላውቅም» ስትይ ነው! ፍቺው፣ እኔ ፈቅጃለሁ… እ?… ካልሲ… ሌላስ?… እሱም ካልሲ? ከሥሩስ?… በቃ፣ ልጁ ካልሲ የማይሸጥበት አገር የሄደ መስሏታል። ምስኪን። ከተጠየቅሽ እንግዲህ «የሰው አደራ ነው፣ ከፍቼ አይቼዋለሁ፣ ካልሲ ነው» ትያለሽ። ቋጥሪው።

— አሁን ወደ ዋናው ነገር። እኔ የኢሚግሬሽኑ ሰውዬ ነኝ… አትሳቂ! እሱ አይስቅም። እህም… ለምን መጣሽ?… «ለትምህርት ነው፣ አባዬ»? «አባዬ» የሚባል የኢሚግሬሽን ሰው የት ታውቂያለሽ? እንደገና… ጎሽ። ምንድን ነው የምትማሪው?… እሺ… እሺ… ኧረ በቃሽ! ሰውዬው አብሮሽ ሊመዘገብ አይደለም፤ ከኋላሽ ሰልፍ አለ። «የውሃ ምሕንድስና» ብለሽ ዝም።

— ስትጨርሺ ወደ አገርሽ ትመለሻለሽ?…

— ይኸው! መጣች! መምህር፣ ሰሙልኝ? «እግዜር ካለ» አለች!

— ሚጣ፣ ለቪዛው ስትጠየቂ ይቺኑ በእነሱ ቋንቋ ተርጉመሽ ብለሽው አይደል እንዴ ሰውዬው እስክሪብቶውን አስቀምጦ እንደገና የቀጠረሽ?… አውቃለሁ። ነገን በእጄ የያዝኩ አስመስዬ አልናገርም ማለትሽ ነው። አላጠፋሽም፣ ያስተማርኩሽ እኔው ነኝ። ግን ያ ሰውዬ እንደኛ አይሰማውም። «እንጃ፣ አላሰብኩበትም» ያልሽው ነው የሚመስለው። ከዚያ ጥግ ላይ ያስቀምጥሽና በመጣሽበት አውሮፕላን ይመልስሻል። ያ ሁሉ ልፋትሽ ገደል ይግባ?… በልብሽ የፈለግሽውን ያህል ጨምሪበት። በአፍሽ ግን «አዎ» ብቻ በይ።

— እስቲ። ትምህርትሽን በደንብ ትከታተያለሽ?… ዋጠቻት! መምህር፣ ምላሷ ላይ ደርሳ ዋጠቻት! ጎበዝ! ስትጨርሺስ ትመለሻለሽ?… አዎ። አየሽ? ጣሪያው አልወረደብሽም። ደግሞ ቀና ብለሽ ነው የምትመልሺው። አንገት መድፋት ለእኔና ለእናትሽ ነው፣ ለእኛም ካስታወስሽ።

— ምን?… አሁን ደግሞ አንቺ ሰውዬው ሆንሽ? ይሁን፣ ጠይቂኝ፣ ማን ይፈራል… ሥራዬ? ፀጉር አስተካካይ… ከስንት ጊዜ ጀምሮ? አንቺ ሳትወለጂ… ሐኪም ቤት? ይሄ ከድንበር ጋር ምን አገናኘው?… እናትሽ ናት የነገረችሽ? ይቺ ሴትዮ! ደረጃ ላይ እኮ ሰው ሁሉ አረፍ ይላል… እሺ፣ መሐል ላይ ተቀምጫለሁ… ትንሽ ደረቴን ያዝ አድርጎኝ… እሺ፣ እሺ! ቀጠሮው ሰኞ ነው። እሄዳለሁ አልኩ እኮ፣ እግዜር ካ…

— መምህር፣ አይሳቁ! ምላጩ አንገትዎ ላይ ነው!… በገዛ አፌ ያዘችኝ እኮ!

— እሺ፣ አዎ። ሰኞ ጠዋት፣ ፀጉር ቤቱን ዘግቼ… የልቡንም ምርመራ፣ አዎ… ውጤቱን?… ሳልደብቅ? ምን ቆርጦኝ ደብቄ… አዎ። አዎ አልኩ! ኧረ አንቺስ ከሰውዬው ትብሻለሽ።

— በረራሽ ተጠራ? ተነሺ እንግዲህ፣ ተነሺ! ቦርሳሽን… ካልሲውን እንዳትረሺ… አንድ ጥያቄ? አሁን? ሰዉ እየተሰለፈ… ሄሎ? ትሰሚኛለሽ?… ሚጣ፣ ትሰሚኛለሽ ወይ?… አሁን ሰማሁሽ። ቆይ፣ ጆሮዬ ላይ ላድርገው… በይ።

— …

— ስትመለሺ… አገኝሃለሁ ወይ ነው የምትይኝ?

— ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት… አለሁ፣ አልጠፋሁም። እየሰማሁሽ ነው።

— አዎ።

— አዎ፣ የኔ ልጅ። እዚሁ፣ በሩ ላይ። ይኸው ምንም አልጨመርኩበትም… አታልቅሺ። ፓስፖርቱ ላይ ያለችው ልጅ አታለቅስም፣ «ይቺ ሌላ ናት» ይልሻል ሰውዬው… እንደሱ፣ ሳቂ። ሂጂ በቃ። ቻው… ቻው። ቀና ብለሽ!… ሄሎ?…

— ዘጋች፣ መምህር… አይ፣ ደኅና ነኝ። ፈራሁ እንጂ። እሷን «አዎ» በይ ስላት ቀላል ነገር መስሎኝ ነበር… ዞር ይበሉልኝ እስቲ፣ ይሄኛው ጉንጭ ቀርቷል።

— እግዜር ካለ።