በሩን አትክፈት ያልኩት እኔው ነኝ

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ፊልም ዝም ተብሎ አይታይም፣ አስተርጓሚ ነበረው፤ እና የሰፈራችን ቪዲዮ ቤት አስተርጓሚ ማን ነበር? እኔ! ሳቁ፣ ሳቁ፣ ግድ የለም። እንግሊዝኛ የት ተማርክ ብትሉኝ፣ የትም። አንድ ፈረንጅ ቤት ዘበኛ ሆኜ "ካም" እና "ጎ" ለቅሜ ወጣሁ፣ በሁለት ቃል ስንት ዓመት እንጀራ በላሁበት መሰላችሁ! ሰው አግዳሚው ላይ ተጠጋግቶ ይቀመጣል፣ እኔ ከቴሌቪዥኑ ጎን ዱላዬን ይዤ እቆማለሁ፣ እና ተዋናዩ አፉን ሲከፍት እኔ በአማርኛ እናገርለታለሁ።

ታዲያ አንድ ፊልም ነበረ፣ በሽታ ከሰማይ የሚወርድበት። ድንጋይ ከላይ ይወድቃል፣ ከተማው ያልቃል፣ ሐኪሞቹ ከራስ እስከ እግር ነጭ ለብሰው ይተራመሳሉ። ወደ መጨረሻው አካባቢ አንድ ሰውዬ ቤቱን ዘግቶ በሩን ይዞ ቆሟል፣ ከውጭ አንዲት ሴት እያለቀሰች ትናገራለች፣ ትናገራለች፣ አታቋርጥም። እኔ ምን ልበል? "ካም" የለበት፣ "ጎ" የለበት! ሁሉም እኔን ያያል። ድምፄን አቅጥኜ፣ "ውዴ ሆይ፣ እኔ እንኳ ብለምንህ አትክፈት! በር የከፈተ ሁሉ አልቋል!" አልኩ። ሴቶቹ አለቀሱ፣ ወንዶቹ አለቀሱ፣ እኔ ራሴ አለቀስኩ። ወዲያው መብራት ድርግም! ካሴቱም የኪራይ ነበርና በማግስቱ ተመለሰ፣ መጨረሻውን ማንም ሳያይ ቀረ።

እና ኮሮና መጣ። እነዚያን ነጭ ለባሾች በዜና ሳይ፣ "ዘነበች፣ ይኸው ፊልሙ መጣ!" አልኳት ባለቤቴን። የግቢውን በር ቀረቀርኩ፣ መስኮቱን በፕላስተር አሸግኩ። የዝናብ ካፖርቴን ለብሼ፣ የልጄን የሞተር ሄልሜት ደፍቼ ነበር የምውለው፣ እቤቴ ውስጥ እኮ ነው!

ጎረቤቴን ደስታን ታውቁታላችሁ፣ ባለ ላዳውን፤ ያኔ ቪዲዮ ቤት አግዳሚው ላይ ካለቀሱት አንዱ ነው። በየቀኑ መጥቶ ያንኳኳል።

"ታዴ፣ ደህና አደርክ?"

"ዞር በል!"

"ኧረ ማስክ አድርጌያለሁ፣ ራቅ ብዬም ነው የቆምኩት።"

"ዓለም ባንክ ሰፈር ድረስ ሄደህ ጩህ፣ ከዚያም እሰማሃለሁ!"

ታዲያ አንድ ቀን ጠዋት ዘነበች አስሟ ተነሳባት። የምትስበው መድኃኒት አልቋል፤ ወጥታ እንዳትገዛ የከለከልኳት ደግሞ እኔ ነኝ፣ እኔው! ትንፋሽ አጠራት፣ ከንፈሯ ጠቆረ። ደስታ ሳሏን ካጥር ወዲያ ሰማና በሩን ይደበድብ ጀመር።

"ክፈት! ላዳዋን አስነስቻለሁ፣ ሐኪም ቤት እንውሰዳት!"

"አይሆንም! በር የከፈተ ሁሉ አልቋል!"

"ማነው ያለው?"

"ፊልሙ ነዋ!"

"አንተ ነህ እንጂ ያልከው፣ ፊልሙ መች አለ!"

እውነቱን ነው። ሰው ሌላውን ያታልላል፣ እኔ ግን በገዛ ውሸቴ ሚስቴን ልገድል! ይኼም ገብቶኝ እንኳ እጄ መቀርቀሪያው ላይ ደረቀ። ፈራሁ ልጆቼ፣ ምን እዋሻችኋለሁ፣ በጣም ፈራሁ። ያኔ ደስታ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ታዴ፣ ያን ፊልም በኋላ ልጄ ቤት እስከ መጨረሻው አየሁት። ሴትዮዋ የምትለው እኮ፣ 'ክፈትልኝ፣ መድኃኒቱን ይዤልህ መጥቻለሁ' ነው" አለኝ።

ከፈትኩ።

ሐኪም ቤት ስንደርስ ነርሷ ዘነበችን ትታ ወደ እኔ ሮጠች። "አባባ፣ እርስዎን ምን ነካዎት?" ለካ ሄልሜቱን አላወለቅኩም! እንዲህ ተዋርጄም፣ ከሰዓት በኋላ ትንፋሿ መለስ ሲልላት እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ይኸው ዛሬም ጓዳ ሆና እየሰማች ትስቅብኛለች፣ ትሳቅ፣ ይገባታል።

"ጋሼ፣ ግን ጋሽ ደስታ እንግሊዝኛ ይችላሉ እንዴ?"

ደስታ? "ካም" ብትለው የሚሄድ ሰው!

"ታዲያ ሴትየዋ ያለችውን እንዴት አወቁ?"

እኔ እንጃ! ጠይቄውም አላውቅ፣ አልጠይቀውምም። አስተርጓሚስ እሱ ነው።