አቶ ገብረየስ ያጠጡት ተክል

ድርርርር የሚል ድምፅ ነው መጀመሪያ የሚሰማው። ቡራዩ ከዋናው አስፋልት ወደ ግራ ታጥፎ የሚመጣ ሰው፣ የአቶ ገብረየስ ወፍጮ ቤት ገና ሳይታየው ጥርሱ ላይ ይሰማዋል። እኔ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያለችውን አንዲት ክፍል ከተከራየሁ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤት ስላልመጣልኝ፣ መስኮቴ ሥር ተቀምጦ ደመና ማየት ዋና ሥራዬ ነበር። ድምፁን ጆሮዬ ከጊዜ በኋላ ረሳው። የሰው ሁሉ ጆሮ እንደኔ የሚረሳ ይመስለኝ ነበር።

ጊዜው 2008 ዓ.ም. ታኅሣሥ ነው። አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ ከተሞች ሊያሰፋ ነው በተባለው ማስተር ፕላን ምክንያት ሰበታም ሱሉልታም ቡራዩም ታምሰዋል። በዚያ ሰሞን ፖሊስ ጣቢያ የገባ ወጣት መቼ እንደሚወጣ የሚነግር አልነበረም። አቶ ገብረየስ ግን በዚያው ሰሞን የገዛ ልጃቸውን ጣቢያ ሊወስዱ ኮታቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው ቆመዋል።

ልጁ ሁንዴ ይባላል፤ ሃያ አራት ዓመቱ ነው። ስሙን ያወጡለት ሟች እናቱ ወይዘሮ ደጊቱ ናቸው። ሁንዴ የሰው ዓይን አያይም፤ ሰላምታ አይመልስም፤ ጨዋታ መሐል ድንገት ተነስቶ ይወጣል። ሲወጣ አባትየው «ወዴት ነው? ማንን አስፈቅደህ?» እያሉ እስከ በሩ ይከተሉታል። መልስ አግኝተው አያውቁም። «ሥራ ያስተካክለዋል» ብለው ወፍጮው አጠገብ ካቆሙት ዓመት አለፈ። እሱም ከዚያ ወዲህ በየሰዓቱ ወደ ጓሮ ይሄዳል። ሄዶ የሚያጨሰው ሀሺሽ መሆኑን አባትየው የሰሙት ገና ትናንት ነው።

እንግዲህ አባትና ልጅ ሊወጡ ሲሉ፣ አንዲት ወጣት ሴት አንድ ጫማዋን በእጇ ይዛ የግቢውን በር ገፍታ ገባች።

በዚያ ወፍጮ ቤት ጨዋነት የሚካሄደው በጩኸት ነው።

«እንደምን ዋሉ አባቴ!» ብላ ጮኸች።

«እግዚአብሔር ይመስገን! ነይ ግቢ ልጄ!» ብለው መለሱላት፣ ጉሮሯቸው እየተሰነጠቀ።

«መንገድ ላይ ጎማ እያቃጠሉ ነው! ታክሲው ጥሎን ተመለሰ! ትንሽ ልጠለል?»

«ቤትሽ ነው! እኔ ይሄን ልጅ ጣቢያ አድርሼው መጣሁ!»

«ዛሬ? ጣቢያ?» አለችና ሁንዴን አየችው። ሁለት እጆቹን ጆሮው ላይ አድርጎ በዱቄት ነጥቷል። «አባቴ፣ ከመሄድዎ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅዎት!»

እንግዳን መሐል መንገድ ትቶ መሄድ ነውር ስለሆነ፣ አቶ ገብረየስ ወደ ጓሮ መሯት። ሁንዴም ተከትሎ ግድግዳው ሥር ቁጢጥ አለ። ድምፁ እዚያ ትንሽ ይቀንሳል፤ የእኔም መስኮት እዚያው ነው።

ዕድላዊት እባላለሁ አለች። አዲስ አበባ ውስጥ ኦቲዝም ያለባቸውን ወጣቶችና ቤተሰቦቻቸውን የምታማክር ናት። አቶ ገብረየስ ግን ጥያቄዋን ከመስማታቸው በፊት ጓሯቸውን ማስጎብኘት ነበረባቸው።

«ይሄ ጎመን ነው። ያ ጤና አዳም ነው። ይቺን ደግሞ እያት፣ ሁንዴ ራሱ የተከላት ናት። ሲያጨስ ብናደድም እጁ ለአትክልት የተባረከ ነው። ዶሮ እንዳይነካት አጠርኩላት። ከመስከረም ጀምሮ ጠዋት ጠዋት የማጠጣት እኔ ነኝ። እኔን በለጠችኝ! ፈቲያ ጎረቤቴ ችግኝ ጠይቃኝ ቃል ገብቼላታለሁ።»

ዕድላዊት ቅጠሉን ዳበሰች፣ አሸተተች፣ ከዚያ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

«አባቴ፣ ይሄ እኮ ራሱ ነው።»

«ምኑ?»

«ካናቢስ። ሀሺሽ የሚሉት።»

አቶ ገብረየስ ከዘራቸውን ተደገፉ። ቀስ ብለው ወደ መስኮቴ ዞሩ። «ተከራይ! አንተ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር፤ ግን ሲያጠጡት በጣም ደስ ብሎዎት ስለነበር...» አልኩ።

«እንግዲያው ጣቢያ ስሄድ ምን ልል ነው? ልጄ አጨሰ፣ እኔ አመረትኩ?»

«ጣቢያ መሄዱን እንዲተዉት የምፈልገው ፈርተው ሳይሆን ገብቶዎት ነው» አለች ዕድላዊት። «ለመሆኑ ለምን እንደሚያጨስ ጠይቀውታል?»

«ለምን ይጠየቃል? ብልግና ነዋ! እኔ በሱ ዕድሜ የመጋዘን ቁልፍ በአደራ ይዤ ነበር። ሰላም ሲሉት ግድግዳ ያያል። ሰው ሲያወራ ጥሎ ይወጣል። ይሄ ንቀት ካልሆነ ምንድን ነው?»

«ንቀት አይመስለኝም፤ ሐኪም ባያየውም ኦቲዝም ያለበት ይመስለኛል። ኦቲዝም ያለበት ሰው አእምሮው ድምፁንም ብርሃኑንም የሰዉንም ፊት በአንድ ጊዜ ሊቀበል ይችላል። እርስዎ የማይሰሙትን ይሰማል፤ እርስዎ የለመዱት እሱን ያሳምመዋል። አንዳንዱ ጭንቀቱን ለማብረድ፣ አንዳንዱ እንቅልፍ ለማግኘት ወደ ካናቢስ ይሄዳል። ደግ ነገር ነው እያልኩ አይደለም። ሕጉም ይከለክላል፤ ጭንቀትንም ሊያባብስ ይችላል። ነገር ግን የሚሸሸውን ነገር ሳያውቁ መሸሻውን ብቻ ቢነጥቁት የት ይግባ?»

«እኔ ልጄን ምን አሸሸሁት? ቤት አለው፣ ሥራ አለው!»

ይህን ብለው ሳይጨርሱ መብራት ጠፋ።

ወፍጮው ጉጉጉ እያለ ሞተ። ጎረቤት ሁሉ እንደ ልማዱ «ኧረ!» ብሎ አጉረመረመ። ከዚያ ፀጥታ ወረደ፤ በአስፋልቱ በኩል የሚዘፍኑት ልጆች ድምፅ እንኳ በሩቁ ተሰማ።

ሁንዴ እጆቹን ከጆሮው ላይ አወረደ። ትከሻው ወረደ። ፊቱ ላይ የነበረውን ጭምድድ ሁሉ አንድ ሰው በእጁ ያበሰው መሰለ። ያንን ፊት ሁለት ዓመት አጠገቡ ስኖር አይቼው አላውቅም።

ዕድላዊት ራቅ ብላ በጎኑ ተቀመጠች፤ ፊቱን አላየችውም። «ሁንዴ፣ አማርኛ ይሻልሃል ወይስ አፋን ኦሮሞ?»

«ዝምታ» አለ።

አቶ ገብረየስ «አየሽው? አየሽ ስድነቱን?» ሊሉ ሲነሱ እሷ እጇን አነሳች።

«እሺ። አንድ ጥያቄ ብቻ፣ ከዚያ ዝም እላለሁ። የማታጨስበት ቀን አለ?»

ሁንዴ ብዙ አሰበ። እኛ ሦስታችን የጠበቅነውን ያህል ሰው ታክሲም አይጠብቅም።

«መብራት ሲጠፋ አላጨስም» አለ። ቀጥሎም፣ ለጎመኑ የሚናገር ይመስል፣ «ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ ጠፍቶ ነበር። አላጨስኩም። ኅዳር ላይ ሦስት ቀን ጠፋ። አላጨስኩም። እሑድ ወፍጮ የለም። አላጨስም።»

አቶ ገብረየስ ቁጭ አሉ። የተቀመጡት ጎመኑ ላይ ነበር፤ አላስተዋሉም።

«ጥርሱን ነክሶ የቆመው...» አሉ በመጨረሻ፣ «እኔ እኮ ሥራ ያጠነክረዋል ብዬ ነው። ደጊቱ ስትሞት አደራ ብላኛለች። ወስጄ ያቆምኩት ግን እዚያ ውስጥ ነው።»

ስለ እውነት እንነጋገር ከተባለ፣ ስንቶቻችን ነን ልጁ ላይ የሚጮኸውን ነገር ሳንመረምር ልጁን ለማስተካከል የምንነሳ? አቶ ገብረየስን ያሳመናቸው ምክር ብቻ አልነበረም። መብራት ኃይል ሳያውቀው አንድ መልካም ነገር ሠራ።

ያን ቀን ጣቢያ የሄደ የለም። ሁንዴ ሐኪም ቤት ለመሄድ ሲጠየቅ «ማክሰኞ። በጠዋት። ሰው ሳይበዛ» ብሎ የራሱን ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠ፤ ዕድላዊትም ምን ምን እንደሚሆን በተራ በወረቀት ጻፈችለት። ተክሏን የነቀለው ራሱ ነው። አቶ ገብረየስ «ፈቲያን ምን ልበላት?» እያሉ አጥሩን አፈረሱ።

መንገዱ ተከፍቶ፣ ሚያዝያ ላይ ዕድላዊት ልትጠይቀን መጣች። አቶ ገብረየስ ጓሮ ውስጥ ወንበር አሰልፈው፣ ጎረቤቶቻቸውን ወይዘሮ ፈቲያንና አቶ ሀብተወልድን ጠርተው ይጠብቋት ነበር። ሲናገሩም ከሷ በላይ አማካሪ ሆነዋል።

«ስሙኝ! ልጄ አሁን ወፍጮ ቤት አይገባም። ጓሮው የሱ ነው፤ ጎመኑን ሰበታ ድረስ ከሚወስዱ ነጋዴዎች ጋር የሚዋዋለው በጽሑፍ ነው። እንቅልፍ ይተኛል። ማጨሱን ፈጽሞ ተወ ብዬ አልዋሽም፤ በየሰዓቱ የነበረው በወር አንዴ ሆኗል፤ ሲሆንም ለሐኪሙ ይነግራል፣ አንቆጣውም። በዱላና በጣቢያ ቢሆን ልጁንም አጥቼ፣ ሱሱም አብሮት ይቆይ ነበር። ልጅ ያላችሁ ሁሉ፣ መጀመሪያ ለምን ብላችሁ ጠይቁ! መልሱ ቢዘገይም ጠብቁ! እኔ ራሴ...»

አቶ ሀብተወልድ ጮክ ብለው አጨበጨቡ።

ከጎመኑ ዳር የተቀመጠው ሁንዴ ጆሮውን ይዞ ተነሳ። ማንንም አላየም። ወንበሮቹን አልፎ ወደ በሩ አመራ።

አቶ ገብረየስ ወዲያው ዞሩ። «ወዴ—» ብለው ጀመሩና ቃሉን ሳይጨርሱት ተዉት። በሚያልፍበት ላይ የተዘረጋችውን ከዘራቸውን ሰብሰብ አደረጉለት፤ እሱም ወጣ።