እጁ የተንቀጠቀጠ ዋስትና የለውም

የመዝገብ ግልባጭ ላወጣ ፍርድ ቤት ሄጄ ኮሪደሩ ላይ ከአባቴ የድሮ ጓደኛ ጋር ተገጣጠምን። ሠላሳ ዓመት የፈረዱ ዳኛ ናቸው፤ ጉቦ አይቀምሱም፣ ቃላቸው አይታጠፍም። ለእረፍት ተነሥተው አብራቸው ከምታስችለው ወጣት ዳኛ ጋር እየተከራከሩ ነበርና "ና ግባ ልጄ፣ አንተም ዳኘን" ብለው ቢሯቸው አስገቡኝ።

የተከራከሩበት ጉዳይ ይህ ነው፦ አንድ ሱሰኛ የተባለ በያጅ የአሠሪውን መቁረጫ ማሽን ሰርቋል ተብሎ ተይዟል። ሽማግሌው ደግሞ ልማድ አላቸው። ሱሰኛ የተባለ ተከሳሽ ሲቀርብ "እጅህን ዘርጋ" ይሉታል፤ ከተንቀጠቀጠ ዋስትና የለም። ሕግ የትም ያልጻፈው ምርመራ ነው። ችሎት አስከባሪው እንኳ ለምዶት ገና በር ላይ "እጅጌህን ሰብስብ" ይላል። የዛሬው በያጅም እጁ ተንቀጥቅጦ ነበር። ይህን ስሰማ ደሜ ፈላ። ዳኛ ናቸው ወይስ መዳፍ አንባቢ?

"ስለማዝንለት ነው" አሉ ሽማግሌው። ውጭ ከዋለ ሱሱ ይገድለዋል፤ እናቱም እሰሩልኝ ብላ ለምናለች።

ወጣቷ ድምጿን ሳታነሣ መለሰች። ሕጉ የሚጠይቀው በቀጠሮው ይመጣል ወይ፣ ምስክር ያባብላል ወይ ብሎ ነው እንጂ ታሟል ወይ ብሎ አይደለም። ማረፊያ ቤቱ በር እንጂ ሐኪም የለውም። አምና ለደኅንነቱ ተብሎ የታሰረው ልጅ ክኒን እየዋጠ ገብቶ መርፌ ተምሮ ወጣ።

"እሱ ሌላ ጉዳይ ነው" አሉ ሽማግሌው።

ከመዝገቡ ውስጥ የክሊኒክ ካርድ መዝዛ ፊታቸው አስቀመጠች። በያጁ አርባ ቀን ያህል በየማለዳው ሱሱን የሚያስተወውን መድኃኒት ወስዶ አስፈርሟል። የመጨረሻው ፊርማ የተያዘበት ዕለት ነው።

"ጋሼ፣ ከተያዘ አራት ቀኑ። መድኃኒቱን ከልክለነው ስናበቃ ለምን ተንቀጠቀጥክ እንለዋለን። ሰው እግሩን ሰብረው አንካሳ ብለው ይሰድቡታል?"

ሽማግሌው ካርዱን አገላበጡት። "ይህ ከመዝገቡ ጋር ነበር? እንዴት አላየሁትም?"

"እጁን ሲያዩ ነበራ።"

ሽማግሌው ካርዱን አስቀመጡ። ከዚያ ብዕራቸውን አንሥተው ጻፉ፦ በአጎቱ ዋስትና ይለቀቅ፤ በየማለዳው ክሊኒክ ያስፈርም፤ አሠሪው ደጅ አይድረስ።

ክሱ አልተሰረዘም። ሰርቆ ከሆነ ይቀጣል። ግን ታካሚው ከመድኃኒቱ አይለይም፣ አሠሪውም ራሱን ስቶ ከወደቀ ሰው ሳይሆን ቆሞ ከሚመልስ ተከሳሽ ጋር ይሟገታል፣ እናቲቱም ልጄን ለማዳን ላሳስረው ከማለት ትድናለች። በርኅራኄ ስም የምንፈጽመው ጭካኔ ከሌላው ጭካኔ የሚከፋው ተመስጋኝ ስለሚያደርገን ነው።

ሽማግሌው ጸሐፊያቸውን ጠሩ። በዚህ ዓመት እንዲህ ዋስትና የነፈግኋቸውን ሰዎች መዝገብ አምጣልኝ አሉት።

ጸሐፊው ተሸክሞ ለመጨረስ ሦስት ጊዜ ተመላለሰ።